ዕዳን ማዛወርና ዕዳን መክፈል
በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የክሬዲት ካርድ ዕዳን በአነስተኛ ወጪ ወደ ማኅበረሰብ ባንኮች ስለሚያዛውሩበት መንገድ የቀረበ ትምህርት

በአንድ የገጠር ወረዳ ለቁጠባና ብድር ቡድን አባላት ሥልጠና በሰጠንበት ዕለት፣ ትምህርቱ ካበቃ በኋላ አንዲት እናት ወደ እኛ ቀረቡ። ልጃቸው በአሜሪካ ይኖራል። አባቱ በታመሙ ጊዜ ለሕክምና የሚሆነውን ገንዘብ በሁለት ቀን ውስጥ ልኮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሲደውል ድምፁ ይከብዳል፤ «እማዬ፣ የካርዱን ዕዳ ልጨርስና እልካለሁ» ይላል። እናት የጠየቁን ይህን ነበር፦ «ገንዘቡ ከተላከ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ልጄ በየወሩ እከፍላለሁ ይለኛል። ታዲያ ዕዳው ለምን አያልቅም?»

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በዚያ ሰዓት በቂ መልስ አልሰጠንም። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነውም ስለዚህ ነው። ትምህርቱ ሁለት ወገኖችን ያስባል። የመጀመሪያዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩና ከፍተኛ ወለድ በሚያስከፍል ካርድ ላይ ዕዳ ያለባቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ሁለተኞቹ ከእነርሱ የሚላከውን ገንዘብ የምንጠብቅ፣ ነገር ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ የማንጠይቅ በሀገር ቤት ያለን ቤተሰቦች ነን።

፩. የካርድ ዕዳ ለምን ቶሎ አያልቅም?

በክሬዲት ካርድ ዕቃ የገዛ ሰው ወርኃዊ መግለጫው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ሒሳብ እስከ መክፈያው ቀን ከከፈለ፣ በተለመደው አሠራር በግዢው ላይ ወለድ አይታሰብበትም። ሙሉውን ካልከፈለ ግን በቀረው ላይ ወለድ በየቀኑ ይታሰባል። በካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ከዚህ የከፋ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ የወለዱ መጣኔም አብዛኛውን ጊዜ ከግዢው ይበልጣል፣ ወለዱም ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። በክሬዲት ካርድ ወደ ሀገር ቤት ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ፤ ካርዱን የሰጠው ባንክ ይህን መላኪያ እንደ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ሊቆጥረው ይችላል።

የወለዱን አካሄድ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሰው በዓመት 24 በመቶ ወለድ በሚያስከፍል ካርድ ላይ 6,000 ዶላር ዕዳ አለበት እንበል። የመጀመሪያው ወር ወለድ 120 ዶላር ገደማ ይሆናል። ብዙ ባንኮች ዝቅተኛውን ወርኃዊ ክፍያ የሚተምኑት የወሩን ወለድ ከዋናው ዕዳ አንድ በመቶ ጋር ደምረው ነው። በዚህ ስሌት ሰውየው 180 ዶላር ይከፍላል፤ ከዚያ ውስጥ 120ው ለወለድ ሄዶ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 60 ዶላር ብቻ ነው። ዕዳው እየቀነሰ ሲሄድ ዝቅተኛው ክፍያም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ያንን ብቻ የሚከፍል ሰው ለብዙ ዓመታት ባለዕዳ ሆኖ ይቆያል። ለእናቲቱ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ልጃቸው አልሰነፈም፣ የሚከፍለው አብዛኛው ገንዘብ ለወለድ እየዋለ ነው እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ ይህ ነገር ለባለዕዳው እንዳይሰወር አድርጓል። በየወሩ በሚላከው መግለጫ ላይ ሁለት ነገሮች እንዲጻፉ ያዝዛል። አንደኛው፣ ዝቅተኛው ክፍያ ብቻ ቢከፈል ዕዳው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ነው። ሁለተኛው፣ ዕዳውን በ36 ወራት ለመጨረስ በየወሩ ስንት መከፈል እንዳለበት ነው። በምሳሌያችን ይህ ሁለተኛው ቁጥር 235 ዶላር ገደማ ነው። መግለጫውን ሳይከፍቱ የሚያስቀምጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከዕዳ መውጣት ግን የሚጀምረው ይህን ወረቀት ከማንበብ ነው።

፪. ዕዳ ማዛወር ማለት ምንድን ነው?

በአሜሪካ ‹ባላንስ ትራንስፈር› የሚባለው አሠራር፣ ከፍተኛ ወለድ ካለበት ካርድ ላይ ያለውን ዕዳ ዝቅተኛ ወለድ ወዳለው ሌላ ካርድ ማዛወር ነው። አዲሱ ባንክ ለቀድሞው ባንክ ይከፍላል፤ ባለዕዳው ከእንግዲህ ለአዲሱ ባንክ ይከፍላል። የዕዳው መጠን በዚህ አይቀንስም። የሚቀንሰው በዕዳው ላይ የሚታሰበው ወለድ ነው።

በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አቅርቦት ይገኛል። አንደኛው ለተወሰኑ ወራት ወለዱን ዜሮ ወይም እጅግ ዝቅተኛ አድርጎ ከዚያ ወደ መደበኛው ከፍተኛ መጣኔ የሚመልስ ነው። ሕጉ እንዲህ ያለው የማስተዋወቂያ መጣኔ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቆይ ያዝዛል፤ በገበያው ላይ ግን ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆዩ አሉ። ይህን ዓይነቱን ካርድ የሚሰጡት ባንኮች ብዙ ጊዜ ከሚዛወረው ገንዘብ ከ3 እስከ 5 በመቶ የማዛወሪያ ክፍያ ይወስዳሉ። ሁለተኛው ዓይነት ዜሮ ወለድ የለውም፤ ነገር ግን መደበኛ መጣኔው ራሱ ዝቅ ያለ ነው፣ የማዛወሪያ ክፍያውም አነስተኛ ነው ወይም ከነጭራሹ የለም። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በብዛት የሚገኘው በአነስተኛ ባንኮችና በክሬዲት ዩኒየኖች ዘንድ ነው።

፫. ለምን አነስተኛዎቹ?

የማኅበረሰብ ባንክ የሚባለው በአንድ ከተማ ወይም አካባቢ ተወስኖ ከነዋሪው ተቀማጭ ሰብስቦ ለነዋሪው የሚያበድር አነስተኛ ባንክ ነው። ክሬዲት ዩኒየን ደግሞ ባለቤቶቹ አባላቱ ራሳቸው የሆኑበት፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን ስለሌለው የተረፈው በዝቅተኛ የብድር ወለድና በተሻለ የቁጠባ ወለድ መልክ ለአባላቱ ይመለሳል። በወረዳዎቻችን የምናደራጃቸውን የቁጠባና ብድር ቡድኖች የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል። በአሜሪካ የመጀመሪያው ክሬዲት ዩኒየን የተመሠረተውም እ.ኤ.አ. በ1908 በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በማንቸስተር ከተማ፣ በአንድ የካቶሊክ ደብር ውስጥ ነበር። አባላቱ ከካናዳ ተሰድደው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ድኾች ነበሩ። ‹ሴንት ሜሪስ ባንክ› የሚባለው ይህ ተቋም ዛሬም ይሠራል።

የወለዱ ልዩነት በጥናት የታየ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጉዳይ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ 25ቱ ትልልቅ ካርድ ሰጪዎች ከአነስተኛና መካከለኛ ባንኮችና ከክሬዲት ዩኒየኖች ይልቅ ከ8 እስከ 10 የመቶኛ ነጥብ የበለጠ ወለድ እንደሚያስከፍሉ አሳይቷል። ይህም ለአማካይ ባለካርድ በዓመት ከ400 እስከ 500 ዶላር ልዩነት እንዳለው ቢሮው አስልቷል። ከዚህም በላይ በፌዴራል ፈቃድ የሚሠሩ ክሬዲት ዩኒየኖች በብድር ላይ ሊያስከፍሉ የሚችሉት ወለድ ጣሪያ አለው፤ ይህ ጣሪያ ከ1987 ጀምሮ በዓመት 18 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። ዕዳውን ቀድሞ በጨረሰ አባል ላይም ቅጣት መጣል አይፈቀድላቸውም።

ይሁን እንጂ አነስተኛዎቹ ተቋማት በቴሌቪዥንና በፖስታ ሣጥን በሚታጨቅ ማስታወቂያ አይታወቁም። ስለዚህ እነርሱን ባለዕዳው ራሱ ሄዶ መፈለግ አለበት።

፬. የትኛው ይሻላል? በስሌት እንየው

የቀደመውን ምሳሌ እንቀጥል። ዕዳው 6,000 ዶላር፣ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው። ሁለት አማራጮች ቀርበዋል እንበል።

ሀ) አንድ ትልቅ ባንክ ለ15 ወራት ዜሮ ወለድ ይሰጣል፤ የማዛወሪያ ክፍያው 5 በመቶ፣ ማለትም 300 ዶላር ነው፤ ከ15 ወር በኋላ ወለዱ 24 በመቶ ይሆናል።

ለ) አንድ ክሬዲት ዩኒየን ያለ ማዛወሪያ ክፍያ፣ በማይለወጥ የ12 በመቶ ወለድ ዕዳውን ይቀበላል።

በመጀመሪያ እይታ ዜሮው ያሸንፋል። በወር 420 ዶላር መክፈል ለሚችል ሰው እውነትም እንዲሁ ነው። ከትልቁ ባንክ ጋር በ15 ወራት ሙሉውን 6,300 ዶላር ይጨርሳል፤ ያወጣው ተጨማሪ ወጪ 300 ዶላር ብቻ ነው። በክሬዲት ዩኒየኑ ቢሆን ወደ 507 ዶላር ወለድ ይከፍል ነበር። ባለበት ቢቆይ ደግሞ ወለዱ 1,136 ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር።

በወር 150 ዶላር ብቻ ለሚችል ሰው ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ከትልቁ ባንክ ጋር በ15 ወራት የከፈለው 2,250 ዶላር ነው፤ ዜሮው ሲያበቃ 4,050 ዶላር ይቀረዋል፣ በዚያም ላይ 24 በመቶ ይታሰብበታል። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ክፍያውና ወለዱ ተደምረው ወደ 2,130 ዶላር ይደርሳሉ። በክሬዲት ዩኒየኑ ግን የሚከፍለው ጠቅላላ ወለድ 1,700 ዶላር ገደማ ነው፤ ዕዳውም ሦስት ወር ያህል ቀድሞ ያልቃል።

የትምህርታችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። ርካሹ አቅርቦት የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ባለዕዳው በየወሩ ሳያቋርጥ ሊከፍለው የሚችለው ገንዘብም ይወስነዋል። ስለዚህ ባንክ ከመፈለግ በፊት ደመወዝን፣ የቤት ኪራይን፣ የልጆችን ወጪና ወደ ሀገር ቤት የሚላከውን በሐቅ ጽፎ «በወር ስንት እችላለሁ?» ብሎ መመለስ ይገባል። በመቀጠል ዕዳውን ከነማዛወሪያ ክፍያው በዜሮው ወራት ቁጥር ማካፈል ነው። የተገኘው ቁጥር ከአቅም በታች ከሆነ ዜሮው ይጠቅማል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ የሚቆየውን ወለድ መፈለግ ይመረጣል። ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ ነገር ደግሞ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ አንዳንድ ክሬዲት ዩኒየኖች የማስተዋወቂያውን ዝቅተኛ ወለድ ያለ ማዛወሪያ ክፍያ ይሰጣሉ።

፭. ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

ክሬዲት ዩኒየን ለመግባት የአባልነት መስፈርት አለ፤ መሥሪያ ቤት፣ የመኖሪያ አካባቢ፣ ማኅበር ወይም የቤተሰብ አባል መሆን ሊሆን ይችላል። በሆስፒታል፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በከተማ አስተዳደር የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ሳያውቁት መስፈርቱን ያሟላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ይቅረብ። ክሬዲት ዩኒየኖችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ መሥሪያ ቤትም በድረ ገጹ ላይ በአካባቢ መፈለጊያ አለው። ተቋሙ በመንግሥት መድን የተሸፈነ መሆኑንም በዚያው ማረጋገጥ ይቻላል፤ በባንኮችም በክሬዲት ዩኒየኖችም ያለ ተቀማጭ ለአንድ ሰው በአንድ ተቋም እስከ 250,000 ዶላር መድን አለው።

ሦስት ወይም አራት ተቋማት ከተገኙ በኋላ ለእያንዳንዳቸው የሚከተሉት ጥያቄዎች ይቅረቡ፤ መልሱም በጽሑፍ ይያዝ።

1. ለተዛወረ ዕዳ የሚታሰበው ወለድ ስንት ነው? ለስንት ወር? ከዚያ በኋላስ ስንት ይሆናል?
2. የማዛወሪያ ክፍያው ስንት በመቶ ነው? ዓመታዊ ክፍያ አለ?
3. ዝቅተኛውን ወለድ ለማግኘት ካርዱ ከተከፈተ በስንት ቀን ውስጥ ማዛወር ያስፈልጋል?
4. የሚፈቀድልኝ የብድር ጣሪያ ሙሉ ዕዳዬን ይሸፍናል? ካልሸፈነ ከፍተኛ ወለድ ያለበትን ክፍል አስቀድሜ ላዛውር?
5. ካርዱን የሚሰጠው ራሱ ተቋሙ ነው ወይስ በስሙ ሌላ ባንክ?
6. በካርድ ፈንታ ወለዱና ዘመኑ የተወሰነ የግል ብድር ብወስድ ይሻለኛል?

አምስተኛው ጥያቄ ብዙዎች የማያስቡት ነው። በርካታ የማኅበረሰብ ባንኮች ካርድ የራሳቸው አይደለም፤ ስማቸው በካርዱ ላይ ይታተማል እንጂ ብድሩን የሚሰጠውና ወለዱን የሚወስነው ሌላ ትልቅ ባንክ ነው። ስለዚህ በካርዱ ላይ ያለው የሰፈራችን ባንክ ስም ብቻውን ለዝቅተኛ ወለድ ዋስትና አይሆንም። ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ ሕግ ወለዱና ክፍያዎቹ ሁሉ ከማመልከቻው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ በግልጽ እንዲቀርቡ ያስገድዳል። እንግሊዝኛውን ማንበብ የሚከብደው ሰው የሚያነብለት የታመነ ወዳጅ ይዞ ይሂድ፤ ይህን መጠየቅ አያሳፍርም።

ማመልከቻ ከመግባቱ በፊትም የክሬዲት ታሪክን መመልከት ይጠቅማል፤ በሕግ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ስሕተት ካለበትም ማስታረም ይቻላል። በአንድ ጊዜ ለብዙ ባንኮች ማመልከት ግን ነጥብን ስለሚቀንስ አስቀድሞ ጠይቆ ለአንዱ ማመልከት ይመረጣል።

፮. ከተዛወረ በኋላ

ዕዳው ተዛውሮ መድረሱ እስኪረጋገጥ ድረስ ለቀድሞው ካርድ መክፈል መቋረጥ የለበትም፤ ማዛወሩ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ወርኃዊው ክፍያ ከባንክ ሒሳብ በራሱ እንዲቆረጥ ማድረግ ከመዘንጋት ያድናል። በሕጉ መሠረት በተዛወረው ዕዳ ላይ ያለው የማስተዋወቂያ መጣኔ ከጊዜው በፊት ሊሰረዝ የሚችለው ክፍያው ከ60 ቀን በላይ ሲዘገይ ነው፤ ሆኖም ከዚያ ያነሰ መዘግየትም መቀጫ ያስከትላል።

ዕዳ በተዛወረበት ካርድ አዲስ ዕቃ መግዛት አይገባም። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈል የሚገዛ ነገር፣ ካርዱ ለግዢም ዜሮ ወለድ ካልሰጠ በስተቀር፣ ብዙ ጊዜ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። ባዶ የሆነውን የቀድሞውን ካርድ ደግሞ ወዲያው ከመዝጋት ይልቅ ሳይጠቀሙ ማስቀመጥ ለክሬዲት ነጥብ የተሻለ ነው። ነገር ግን ራሱን የማይገዛ ሰው ይዝጋው፤ ከነጥቡ ይልቅ ሰላሙ ይበልጣል። የማዛወር ትልቁ አደጋ ይኸው ነውና። ባዶ ካርድ ያየ ሰው ዕዳው የተከፈለ ይመስለዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሁለት የሞሉ ካርዶች ይኖሩታል።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ዕቁብ ይጥላሉ። የዜሮው ወር ከማብቃቱ በፊት የሚደርስ የዕቁብ ዕጣ ካለ፣ ለዚህ ዕዳ ማዋል ከምንም ይልቅ የሚያዋጣ ነው። በስልክ ደውሎ «ዕዳህን በግማሽ እናስቀንሳለን፤ አስቀድመህ ግን ክፈል» የሚል ድርጅት ቢመጣ ደግሞ ስልኩን መዝጋት ይገባል፤ ከ2010 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ቅድሚያ ክፍያ በስልክ ሽያጭ መጠየቅ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ዕዳ ያለበት ሰው ለትርፍ ያልተቋቋሙ የዕዳ አማካሪ ድርጅቶችን ይጠይቅ።

፯. በሀገር ቤት ያለን ምን እናድርግ?

ከላይ ያለው ሁሉ የባለዕዳው ድርሻ ነው። እኛም ድርሻ አለን። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለቤት ማደሻ «ቶሎ ላክ» ስንል፣ የሚልከው ካለው ገንዘብ ነው ወይስ ከካርድ ብለን እንጠይቅ። በካርድ የተላከ 500 ዶላር እኛ ዘንድ 500 ዶላር ሆኖ ይደርሳል፤ ላኪው ግን ከዚያ በላይ ይከፍልበታል። ለሚቆይ ጉዳይ መታገሥ፣ ለማይቆየው ደግሞ በአካባቢ ያለውን የቁጠባ ቡድንና ዕድር አስቀድሞ ማጠናከር ለልጆቻችን የምናደርግላቸው እርዳታ ነው።

ከዚያች እናት ጋር በቀጣዩ ወር ተገናኝተን ይህን ሁሉ በቁጥር አስረዳናቸው። ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ የልጃቸውን ቁጥር አውጥተው እንዲህ አሉን፦ «እንግዲያስ በዚህ ዓመት ለበዓል ምንም እንዳይልክ ንገሩልኝ። መጀመሪያ ይጨርስ።» ስልኩን ደወልንላቸው፤ የነገሩት ግን ራሳቸው ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. 8,000 ዶላር ዕዳ ያለበትና በወር 300 ዶላር መክፈል የሚችል ሰው፣ የ12 ወር ዜሮ ወለድ ከ3 በመቶ ማዛወሪያ ክፍያ ጋር ቢቀርብለት፣ ዜሮው ሲያበቃ ስንት ይቀረዋል?
2. ክሬዲት ዩኒየን በአካባቢያችን ካሉት የቁጠባና ብድር ቡድኖች ጋር በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል?
3. በቤተሰባችን ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ለምን ለምን እንደሚውል በዝርዝር ጽፈን እናውቃለን? ሊዘገይ የሚችለውስ የትኛው ነው?